ቀላል ጠመንጃ፣ ግን ለማን?

ያለፈው ሰኔ ሱሉልታ፣ አጎቴ በረንዳ ላይ ቡና እየጠጣን ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ካልጮህን አንደማመጥም። ስልኬ ጠራ። ላስ ቬጋስ ያለው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው። ቀለል ያለ፣ ከፊል አውቶማቲክ፤ ቃታ በሳብኩ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ የምተኩስበት፣ ማታ ደግሞ ቤቴን የምጠብቅበት። አንድ ብቻ ነው የምገዛው፤ የቱ ይሻላል?» አለኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት አጎቴ ስልኩን ነጠቀኝ። ግማሽ ዕድሜውን በወታደር ቤት ያሳለፈ ሰው ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ገብቶ በደርግ ጊዜ የወጣ። «ቀላል ለማን? ለተሸካሚው ነው ለተኳሹ?» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ጥያቄው የሽማግሌ ጭቅጭቅ ይመስላል እንጂ ነገሩ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር ሙሉ በቴሌግራም ስንጨቃጨቅ ከረምን። እኔ አነባለሁ፣ አጎቴ የያዘውንና የተኮሰውን ያወራል፣ ልጁ ደግሞ እዚያ ሱቅ እየገባ እየነካካ ይመጣል። ያጠራቀምነውን እዚህ ልጻፈው፤ እሱን የመሰሉ ብዙ ናቸውና።

መጀመሪያ ወረቀቱ

እዚህ ላለነው ነገሩ አጭር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ወንጀል አድርጎታል። ግለሰብ መነገድም አይችልም። ስለዚህ «አንድ ጥሩ ዕቃ አለ፣ ንጹሕ ነው» የሚል ደላላ ቢመጣባችሁ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት። ፖሊስ ዘንድ ሄዳችሁ ለግለሰብ ምን ዓይነቱ እንደሚፈቀድ ሳትጠይቁ ስለ ሞዴል መከራከር ሙሽራዋ እሺ ሳትል ድንኳን መትከል ነው።

አሜሪካ ላላችሁት ትንሽ ይረዝማል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በጥቅሉ አይችልም፤ የአደን ፈቃድ እንዳለው ዓይነት ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ብቻ አሉ። ፈቃድ ካለው ሻጭ ስትገዙ 4473 የሚባል ቅጽ ትሞላላችሁ፣ የኋላ ታሪካችሁ ይጣራል። እዚህ ጋ ሐበሻ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። እኛ አገር «ለወንድሜ ልግዛለት» ብሎ ነገር ደግነት ነው። እዚያ ግን እውነተኛው ገዥ ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ «ገዥው እኔ ነኝ» ብሎ ቅጹን መሙላት የፌደራል ወንጀል ነው። ሕጉም ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና አትሸጥም፣ ጎረቤቷ ኔቫዳ ግድ የላትም። ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ፈታትቶ ወደ አገር ቤት መላክ የሚል ሐሳብ ሽው ካለባችሁ እዚያው ቅበሩት።

ጥይቱ ይቀድማል

አብዛኛው ሰው ጠመንጃውን በመልኩ ይመርጥና ጥይቱን በኋላ ይጠይቃል። የእህቴ ልጅም እንዲሁ ነበር፤ የሚልክልን ሁሉ ፎቶ ነው። ይሄ መኪና በቀለሙ እንደመግዛት ነው። ምን ያህል እንደሚራገጥ፣ ምን ያህል እንደሚጮህ፣ ግድግዳ በስቶ የት እንደሚደርስ፣ ለልምምድ ስንት ብር እንደሚያስወጣችሁ፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው ጥይቱ ነው። ብረቱና እንጨቱ ይከተላል።

ጉልበታቸውን በጁል ላስቀምጠው፤ ከአፈሙዙ እንደወጡ ያለው በግምት ነው። የ22 ካሊበሯ ትንሽ ጥይት 180 ያህል አላት። ከሽጉጥ የተበደረው 9 ሚሊሜትር ረዘም ካለ አፈሙዝ ሲወጣ 500 እስከ 600። ካርባይን የሚባለው አጭሩ የአሜሪካ ጦር ጠመንጃ ጥይት 1,300። 5.56 የሚባለው ቀጭኑ ጥይት 1,700። የክላሽና የሲሞኖቭ 7.62 በ39 ደግሞ 2,100 ያህል። አጎቴ በወጣትነቱ የተኮሰው፣ ኤም-ዋን የሚባለው ረጅሙ የአሜሪካ ጠመንጃ ትልቁ ጥይት 3,500 አካባቢ ይደርሳል። ከ22ቱ ጋር ስታስተያዩት ሃያ እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው።

አሁን ወደ አጎቴ ጥያቄ እንመለስ። ጥይቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ትከሻን የሚመታው ይብሳል። ከባዱ ግፊቱን በራሱ ክብደት ይውጠዋል፣ ቀላሉ ለእናንተ ያስተላልፈዋል። ስለዚህ 2 ኪሎ ተኩል የሆነ ጠመንጃ በትልቅ ጥይት አትፈልጉ። በአሥረኛው ጥይት ትከሻችሁ ይቆጣል፣ በሃያኛው ቃታውን ሳትስቡ ዓይናችሁን መጨፈን ትጀምራላችሁ። ከዚያ በኋላ ኢላማ የሚባል ነገር የለም። ቀላል ጠመንጃ ከፈለጋችሁ ቀላል ጥይት ፈልጉ።

ሁለተኛው ነገር ግድግዳ ነው። በእኛ ሰፈር ቤቱ ጭቃ ነው፣ ቆርቆሮ ነው፣ ሲሻሻል ደግሞ ውስጡ ባዶ የሆነ ብሎኬት። ቆርቆሮን ሁሉም ይበሱታል፤ ትንሿ 22 ሳትቀር። ቀጭን ጭቃ ግድግዳና ባዶ ብሎኬት ለ7.62 ምንም አይደሉም። የጎረቤቴን ልንገራችሁ። የሰፈር ሠርግ ነበር፣ አንዱ ሞቅ ብሎት ወደ ሰማይ ለቀቀው። አረሩ ተመልሶ የሴትዮዋን ጣሪያ ቀዶ ረከቦቱ አጠገብ ወደቀ። ሲኒ እያጠበች ነበር። ይህ እንግዲህ አየር ላይ ጉልበቱን ጨርሶ የወረደው ነው፤ በቀጥታ የመጣው ምን እንደሚያደርግ ራሳችሁ ገምቱት። አሜሪካኖቹ ደግሞ ክፍል ከክፍል የሚለዩት በጂፕሰም ሰሌዳ ነው፤ እሱ ለጥይት መጋረጃ ማለት ነው። የእህቴ ልጅ የሚኖረው አፓርትመንት ውስጥ ነው፤ ግድግዳውን ተሻግሮ ሕፃን የወለዱ ባልና ሚስት አሉ። ይህን የነገረኝ ሁለት ሳምንት ከተጨቃጨቅን በኋላ ነው! መጀመሪያ መናገር የነበረበት ይህን ነበር።

ልብ የሚወደው፤ ኤም-ዋንና ካርባይን

አጎቴ ጋ የካርባይን ነገር ከተነሳ ቡናው ሦስተኛ ይደርሳል። «እኛ ኤም-ዋን ተሸክመን ስንንገዳገድ መኮንኖቹ ካርባይን እንደ ከዘራ ያወዛውዙ ነበር» ይላል። ቅናቱ እስከ ዛሬ አልወጣለትም። አይፈረድበትም። ጋራንድ የሚባለው ኤም-ዋን 4.3 ኪሎ ነው፣ ካርባይኑ 2.4። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ዘምቶ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ሲሰለፍ የተዋጋው በእነዚሁ የአሜሪካ መሣሪያዎች ነው። ከዚያ በኋላም በንጉሡ ጦር ቤት ለዓመታት ቆይተዋል።

ኤም-ዋን ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ቶሎ ልለፈው። ትክክለኛ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ስምንት ጥይት ከነመያዣው ከላይ ይጎርሳል፣ ሲጨርስ መያዣውን «ጭል» አድርጎ ይተፋዋል። ግን ከባድ ነው፣ ይራገጣል፣ ሲሞሉት ካልተጠነቀቁ አውራ ጣት ይነክሳል። የአጎቴ የቀኝ አውራ ጣት ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

ካርባይኑ ግን ሌላ ነገር ነው። የተነደፈው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሹፌር፣ መድፈኛ፣ ራዲዮ ኦፕሬተር፣ እጁ በሌላ ሥራ የተያዘ ወታደር ሁሉ ከሽጉጥ የተሻለ ነገር ይያዝ ተብሎ። ከ6 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። ኮምፒውተር የሚሠራው አይቢኤም ሠርቶታል፣ ሳንቲም እየጎረሰ ሙዚቃ የሚያጫውተውን ሳጥን የሚሠራው ሮክ-ኦላም ሠርቶታል። በጦርነት ጊዜ ማን ምን እንደሚሠራ አይታወቅም። 15 ጥይት ካዝና አለው፣ አይራገጥም፣ ሴትም ወንድም፣ ረጅምም አጭርም ትከሻው ላይ ይስማማዋል። 100 ሜትር ላይ ድስት ክዳን የሚያህል ነገር አትስቱም። ከ200 ሜትር ወዲያ ጥይቱ ይደክማል፤ ከዚያ በላይ አትጠይቁት።

ችግሮቹን ካላወቃችሁ ግን ትበሳጫላችሁ። ዋናው ካዝናው ነው። ቆርቆሮው ቀጭን ነው፣ ከንፈሩ ሲጣመም ጥይቱ ቀርቅሮ ይቆማል፣ ሰው ጠመንጃውን ይሰድባል። አሮጌ ካርባይን አልሠራ ካለ መጀመሪያ ካዝናውን ቀይሩ። ሌላው የድሮዎቹ መቆለፊያ ነው። ቃታው አጠገብ የካዝና መልቀቂያና የተኩስ መቆለፊያ ሁለት ተመሳሳይ ቁልፎች ጎን ለጎን ነበሩ፤ ወታደሩ መቆለፊያውን ልክፈት ብሎ ካዝናውን እግሩ ላይ ይጥለዋል። በኋላ መቆለፊያው የሚዞር ትንሽ እጀታ ሆኗል። ስትገዙ የሚዞረው ያለውን ፈልጉ። ጥይቱም ከ5.56 ይወደዳል፤ በየሱቁም አይገኝም።

አሁን ልብ የሚነካው ነገር። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ የድሮ ግምጃ ቤት የወጡ ካርባይኖች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። «አባባ ያኔ የቀናበት ጠመንጃ እዚህ እየተሸጠ ነው?» ይላል። አጎቴ ለአፍታ ዝም ብሎ «ሰደፉ ላይ ጥርስ የተነከሰ ካለ የእኛ ሻምበል ነው» አለ። ቀልዱ ይሁን እውነቱ እስካሁን አላወቅኩም።

በፍቅር ከሆነ ይህን ግዙ። ለጥበቃ ብዬ ግን የሰማንያ ዓመት አሮጌ ብረት ላይ አልተማመንም። እንዲያውም ለዘመኑ ጥሩ የነበረ ነገር አሁንም ለዚያው ሥራ ይመረጣል የሚለው ወሬ የናፍቆት ወሬ ነው።

ሲሞኖቭ

እዚህ አገር ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ነው። ሰርጌይ ሲሞኖቭ የነደፈው፣ ሶቭየቶች በ1949 እ.ኤ.አ. የተቀበሉት፣ በኋላ ቻይናና ዩጎዝላቪያም በብዛት የሠሩት። ክብደቱ 3.85 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ «ቀላል» የሚለው ዝርዝር ውስጥ የገባው በስሙ ታላቅነት እንጂ በሚዛን አይደለም። ካዝናው ከጠመንጃው አይወጣም፤ ቀጭን ብረት ላይ የተደረደሩ አሥር ጥይቶችን ከላይ በአውራ ጣት እየገፉ ማጉረስ ነው። 100 ሜትር ላይ ጥይቶቹን አሥር ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስፋት ባለው ቦታ ላይ ይሰበስባል። ለወታደር ይበቃል፤ ወረቀት ላይ አንዲት ቀዳዳ ለመሥራት ለሚፎካከር ሰው አይበቃም።

ጥንካሬውን ግን ማንም አይክደውም። ጭቃ፣ አቧራ፣ የሱሉልታ ክረምት፣ ምንም አይመስለው። ብቻ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ መምቻ መርፌው ብዙዎቹ ላይ ስፕሪንግ የለውም፣ ልል ነው። በማከማቻ ቅባት ወይም በቆሻሻ ከተጣበቀ ወደ ፊት ወጥቶ ይቀርና ገና ሲያቀባብሉ ሳይታሰብ ሊባርቅ ይችላል። ስለዚህ አሮጌ ስትገዙ የመዝጊያ ብረቱን አውጥታችሁ ነቅነቅ አድርጉት። መርፌው ውስጡ «ቅጭል ቅጭል» ማለት አለበት። ካላለ ፈትታችሁ እጠቡት። ሁለተኛ፣ የድሮ የምሥራቅ ጥይቶች ቂጣቸው ላይ ያለችው ማቀጣጠያ ስትነድ ጨው ትተዋለች። ጨው ብረት ይበላል። ጨውን የሚያወጣው ዘይት ሳይሆን ውሃ ነው፤ አጎቴ ከተኩስ በኋላ የፈላ ውሃ በአፈሙዙ የሚያወርደው ለዚህ ነበር። ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። ዘይት ብቻ የቀባ ሰው በሐምሌ እርጥበት ከሳምንት በኋላ ዝገት ያገኛል።

ለቤት ጥበቃ? ስለ ግድግዳው ያልኩትን አስታውሱ። ጥይቱ ከሌባው አልፎ፣ ከግድግዳው አልፎ፣ የማን አልጋ ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም። ሰፊ እርሻ መሃል ብቻውን ያለ ቤት ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ለጣፎ፣ ለቡራዩ፣ አጥር ለአጥር ለተጣበቀ ሰፈር ግን እኔ አልመርጠውም።

ኤአር-15ና ሚኒ-14

«ኤአር» አውቶማቲክ ማለት አይደለም። አርማላይት የሚባለው ድርጅት ስም ነው፤ ዩጂን ስቶነር እዚያ እያለ የነደፈው፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ኮልት መብቱን የገዛው። ለሲቪል የሚሸጠው በአንድ ቃታ አንድ ጥይት ነው። ይህን የምለው የእህቴ ልጅ እናት ስሙን ስትሰማ ልትስት ስለነበረ ነው።

ሱቅ ገብቶ ከነካቸው ሁሉ ትከሻው ላይ ወዲያው የተቀመጠው ይሄ እንደሆነ ልጁ ራሱ ነግሮኛል። ክብደቱ እንደ አሠራሩ ቢለያይም ወደ 3 ኪሎ ነው። ሰደፉ ይረዝማል ያጥራል፤ አጭር ክንድ ያላት ሚስትም፣ ረጅም ክንድ ያለው ባልም በአንድ ጠመንጃ ይተኩሳሉ። ጥይቱ ትንሽ ነው፣ ሰደፉ ውስጥ ደግሞ ስፕሪንግ አለ፣ ስለዚህ ግፊቱ ቀላል ነው። ደህና የተሠራው 100 ሜትር ላይ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር ይሰበስባል። ይህ ከሲሞኖቭ በእጥፍ ይሻላል። መለዋወጫው እንደ ቶዮታ መለዋወጫ በየቦታው አለ። ጉዳቱ፣ ጋዙን ወደ ውስጥ ስለሚመልስ ይቆሽሻል፤ ሳይወለውሉ አስቀምጦ መርሳት ለለመደ ሰው አይሆንም። ድምፁም ክፉ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ጆሮ መከላከያ ብትተኩሱት ጆሯችሁ እንደበፊቱ ላይመለስ ይችላል፤ ይህ ማጋነን አይደለም፣ የጠመንጃ ተኩስ ጆሮ ከሚችለው 140 ዴሲቤል በላይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። 223 ሬሚንግተንና 5.56 የሚባሉት ጥይቶች ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። 5.56 የተጻፈበት ጠመንጃ ሁለቱንም ይተኩሳል፤ 223 ብቻ የተጻፈበት ላይ ግን 5.56 አታጉርሱ፣ ግፊቱ ይበልጣል። አፈሙዙ ላይ የተቀረጸውን ማንበብ ነው።

የሩገር ሚኒ-14 ደግሞ ያንኑ ትንሽ ጥይት እየተኮሰ መልኩ የእንጨት ጠመንጃ ነው። የወጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው፣ አሠራሩ የጋራንድ ዘመድ ነው። አጎቴ ፎቶውን ሲያይ «ይሄ ሰው ይመስላል» አለ፤ ኤአሩን «የውሃ ቧንቧ» ብሎት ነበር። የድሮዎቹ ሚኒዎች አፈሙዛቸው ቀጭን ስለሆነ ሲግሉ ጥይቱ ይበተናል፤ አዲሶቹ ተሻሽለዋል። ለኢላማ ከኤአር አይበልጥም፣ ካዝናውም ይወደዳል። ኤአር በማይፈቀድበት፣ ሚኒ ግን በሚፈቀድበት ስቴት ያለ፣ ወይም ቁመናው የሚያስፈራራውን ጎረቤት ላለማስደንገጥ የሚፈልግ ሰው ቢወስደው አይቆጨውም።

በ9 ሚሊሜትር

እነዚህ የሽጉጥ ጥይት የሚተኩሱ አጫጭር ጠመንጃዎች ናቸው። ሰው «ጥይቱ ትንሽ ነው፣ እንግዲያው ጠመንጃውም ቀላል ነው» ይላል። ልጁም እንዲያ ብሎ ሱቅ ገብቶ የሩገርን ፒሲ ካርባይን ሲያነሳው ደነገጠ፤ 3.1 ኪሎ ነው፣ ከኤአሩ አይተናነስም! ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙዎቹ መዝጊያቸው አይቆለፍም፤ ጥይቱ ሲፈነዳ ቀለሃው ቶሎ ወደ ኋላ እንዳይወረወር የሚይዘው የመዝጊያው ክብደት ብቻ ነው። ስለዚህ ውስጡ ከባድ ብረት አለ። የቤሬታው ሲኤክስ-4 ትንሽ ይቀላል፣ 2.6 ኪሎ ገደማ። ኬል-ቴክ የሚሠራው ሰብ-2000 የሚባለው ደግሞ መሃሉ ላይ ይታጠፋል፣ 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ግን ጉንጭ ላይ ምቾት የለውም፣ ቃታውም ከባድ ነው።

ጥሩ ጎናቸው ልምምዱ ነው። ጥይቱ ረከስ ይላል፣ በሽጉጥ ሜዳ ያስተኩሳሉ፣ ጩኸታቸው ከ5.56 ይቀንሳል። ለ50 ሜትር ጥሩ ናቸው። ግድግዳ ይበሳሉ ወይ? ይበሳሉ። እንዲያውም ቀላሉና ፈጣኑ 5.56 ጂፕሰም ሲመታ ቶሎ ይገለባበጣል ወይም ይሰባበራል፤ ወፍራሙና ዝግተኛው 9 ሚሊሜትር አንዳንዴ ከሱ ይልቅ ብዙ ክፍል አቋርጦ ይሄዳል። «የሽጉጥ ጥይት ነውና ለቤት ይሻላል» የሚለውን እኔም አምን ነበር። አሁን አላምንም።

ትንሿ 22

ሩገር 10/22 የወጣው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ክብደቱ 2.3 ኪሎ ነው፣ አሥር ጥይት የሚይዝ የሚዞር ካዝና አለው፣ ሆዱ ውስጥ ገብቶ ከታች ጎልቶ አይታይም። አይራገጥም። የ12 ዓመት ልጅ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦ ይማርበታል። በአንድ የ5.56 ጥይት ዋጋ አምስት ያህል የ22 ጥይት ይገዛል። ይህ ቁጥር ትንሽ አይምሰላችሁ፤ ኢላማ መምታት የሚመጣው ከጠመንጃው ውድነት ሳይሆን ከተተኮሰው ብዛት ነው። ኦሎምፒክ ላይ 50 ሜትር የሚተኩሱት በዚችው ጥይት ነው፤ ጠመንጃቸው ሌላ ቢሆንም።

ለጥበቃ ግን ደካማ ናት። የምትከሽፍም እሷ ናት፤ ማቀጣጠያው በቀለሃው ጠርዝ ውስጥ ስለሚበተን አንዳንዱ ጥይት ጥጉ ሳይሞላ ይቀራል፣ ቃታ ይሳባል፣ «ቀጭ» ብሎ ዝም። ደካማ ናት ስል ደግሞ መጫወቻ ናት ማለቴ አይደለም። ካርቶኗ ላይ ከአንድ ማይል በላይ እንደምትሄድ ተጽፏል፤ ከኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ማለት ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ብትተኩሷት የሚቀጥለው ቀበሌ ላይ ላም ትመታለች። ከኋላዋ አፈር የሌለበት ኢላማ ላይ አትተኩሱ።

አጎቴ መጀመሪያ ላይ ናቃት። «ይሄ የወፍ ነው» አለ። በኋላ ግን እሱ ራሱ ነገረኝ፤ ምልምል ሳሉ ጥይት ስለሚቆጠብ ቀኑን ሙሉ ባዶ ጠመንጃ ተኝተው ያነጣጥሩ ነበር፣ አፈሙዙ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው፣ ቃታ ሲሳብ ሳንቲሙ እንዳይወድቅ። «ያኔ እንደዚህ ያለ ርካሽ ጥይት ቢኖር ኖሮ» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ማታ

የእህቴ ልጅ ጥያቄ ግማሹ ጥበቃ ነበር፤ ስለዚህ የኛን ቤት ልንገራችሁ። አምና ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ውሾቹ አጥሩን ሊያፈርሱት ደረሱ። ቀጥሎ አንድ ነገር «ዱብ» አለ፣ ግቢ ውስጥ። አጎቴ ተነሳ። የአልጋው ራስጌ ያለው የእጅ ባትሪ ነው፤ አብርቶ፣ በሩን ሳይከፍት፣ በመስኮት «ማነህ!» ብሎ ጮኸ። የጎረቤታችን ልጅ ነው። አምሽቶ፣ ትንሽ ቀማምሶ፣ አባቱን ፈርቶ በኛ አጥር ዞሮ በጓሮ ሊገባ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ጠዋት እናቱ ይቅርታ ልትጠይቅ ዳቦ ይዛ መጣች።

ከዚህ ተነስቼ ለልጁ የጻፍኩለት እንዲህ ነው። ጠመንጃ ላይ የሚታሰር ባትሪ ብቻ አትግዛ፤ እሱን ይዘህ ማየት የፈለግከውን ሁሉ አፈሙዝ ትደቅንበታለህ። በእጅ የሚያዝ ለብቻው ይኑርህ። የበርህ ቁልፍ ምላስ የሚገባበትን፣ መቃኑ ላይ ያለውን ብረት ብሎን በረዥሙ ቀይረው፣ አሜሪካ በሩ የሚሰበረው እዚያ ጋ ነው። ስልኩን ከጠመንጃው አስቀድም። ጠመንጃውን ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ፣ ጥይቱን ለብቻ። ፍራሽ ሥር የሚለው የኛ አገር ልማድ ልጅ የሌለበት ቤት ውስጥ እንኳ እንግዳ ሲመጣ ችግር ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሐበሻ ቤት መቼ ይጠፋል።

እንግዲህ የቱን?

እኔ የምለውን በግልጽ ልበል። ጀማሪ ከሆናችሁ፣ ገንዘባችሁም ለአንድ ብቻ ከሆነ፣ 10/22። ስድስት ወር ተኩሱበት። ከዚያ ሁለተኛ ካስፈለገና ስቴታችሁ ከፈቀደ በ5.56 የተሠራ፣ ቀለል ያለ፣ ያልተንቆጠቆጠ ኤአር፤ ለጥበቃ ቀለል ያለ የሚሰባበር ጥይት፣ ለኢላማ ርካሹ። ካርባይኑን የሚገዛ ሰው በልቡ ስለሆነ ምክር አይሰማም፤ ጥሩ ካዝና ግን ይግዛ። ሲሞኖቭ ያላችሁ አትሽጡት፣ የሌላችሁ ግን ለዚህ ሥራ ብላችሁ አትፈልጉት። 9 ሚሊሜትሩን የምመርጠው ያንኑ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ አስቀድሞ ላለው ሰው ብቻ ነው። አንድ ጠመንጃ ለሁለቱም ሥራ ካላችሁኝ ኤአሩ ይቀርባል፤ ለአፓርትመንቱ ልጅ ግን «እሱም ቢሆን አሁን አይደለም» አልኩት።

ልጁ ተነጫነጨ። «ጋሼ፣ 22 ይዤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለ። ቢሆንም ገዛው። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያዋን ወረቀት ፎቶ አንስቶ ላከልን፤ 50 ሜትር፣ አሥር ጥይት። ሰባቱ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ተሰብስበዋል፣ ሦስቱ ጠፍተዋል። አጎቴ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ዓይኑ ሥር አስጠግቶ ብዙ አየው።

«ትንፋሹን አልያዘም» አለ። ከዚያ ስልኩን ሳይመልስልኝ፣ «ካርባይኑ ስንት ነው ያልከኝ?»